ቀጥ ብላ የማትሄድ መኪና፦ ሮቦቲክስን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለማስተማር



እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምታዩዋት ሮቦት ናት። ፊት የላትም፣ እጅ የላትም፣ አትናገርም። ሁለት ጎማ፣ ሁለት ትንንሽ ሞተር፣ ጥቂት ባትሪ፣ ከመታወቂያ ካርድ የማትበልጥ አርዱይኖ የምትባል ሰሌዳ፣ ከፊቷም ሁለት ዓይን የሚመስል የርቀት መለኪያ፤ መላ አካሏ ይኸው ነው። ብዙዎቻችን ሮቦት ሲባል ትዝ የምትለን በ2010 ዓ.ም. መገባደጃ አዲስ አበባ የመጣችው ሶፊያ ናት። በሶፍትዌሯ ሥራ የአይኮግ ላብስ ወጣቶች፣ የእኛው ልጆች፣ መሳተፋቸውን ስንሰማ ኮርተናል፤ ኩራቱም ተገቢ ነበር። ሆኖም የሶፊያ መልክ አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ጥሎብን እንዳለፈ ይሰማኛል። ሮቦቲክስ ማለት ሰው የሚመስል ማሽን መሥራት ነው ብለን፣ ለኤግዚቢሽንና ለቴሌቪዥን የሚሆን፣ ከወረዳ ትምህርት ቤት ደጃፍ የማይደርስ ነገር አድርገን አስቀመጥነው። እኔ ዛሬ የምከራከረው ስለዚህች ፊት ስለሌላት መኪና ነው።

ይህችን መኪና አንድ ሜትር ቀጥ ብላ እንድትሄድ ልናዝዛት ፈለግን እንበል። የጎማዋ ዲያሜትር 6.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በፓይ ስናባዛው ዙሪያው 20.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ሜትር ለመሄድ ጎማው 4.9 ጊዜ መዞር አለበት። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በደቂቃ ውስጥ ያሰላዋል። ፕሮግራሙን ጽፎ፣ መኪናዋን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ይለቃታል። መኪናዋ ወደ ግራ ትታጠፋለች።

ተማሪው መጀመሪያ የሚለው "ተበላሽታለች" ነው። አልተበላሸችም። ስሌቱም አልተሳሳተም። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሞተሮች እኩል አይሽከረከሩም፤ አንዱ የማርሽ ጥርስ ላይ ትንሽ ግትርነት አለ፣ አንዱ ጎማ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ወለሉም አቧራ አለው። መጽሐፉ "ሰበቃን ችላ ብንል" እያለ ያለፈው ነገር ሁሉ እዚህ ወለል ላይ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። እናም ተማሪው ተንበርክኮ መለካት ይጀምራል። በአንድ ሜትር ውስጥ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ሄዳለች። የቀኙን ሞተር ኃይል ትንሽ ይቀንሳል፤ አሁን ወደ ቀኝ ትሄዳለች። መልሶ ትንሽ ይጨምራል። ደስ ብሎት ጓደኞቹን ይጠራል፤ ቀጥ ብላ ሄደች። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ባትሪው ሲዳከም ግን እንደገና ትጣመማለች።

መምህራን ሆይ፣ እኔ ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ እንዲገባ የምመኘው ይህ ግማሽ ሰዓት ነው። ተማሪው አንድ ጊዜ የተገኘ ቁጥር ለዘለዓለም እንደማይሠራ በራሱ እጅ ደረሰበት። መኪናዋ የራሷን አካሄድ እያየች ራሷን ማረም እንዳለባት ገባው። ጎማው ላይ ቀዳዳ ያላት ክብ ካርቶን ገጥሞ ዙሩን በብርሃን መቁጠር፣ ግራና ቀኙን እያነጻጸረ ማስተካከል ሲጀምር መሐንዲሶች ግብረ መልስ የሚሉትን ነገር እየሠራ ነው። አውሮፕላን በነፋስ መካከል መንገዱን የሚጠብቀው፣ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው፣ የእኛም ሰውነት ሙቀቱን በ37 ዲግሪ አካባቢ የሚይዘው በዚሁ መርህ ነው። ፊዚክስ፣ ሒሳብና ባዮሎጂ አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ተማሪው አየ።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል እጁን አውጥቶ የተሳሳተ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ሁለተኛም እጁን አያወጣም። ማሽን ግን አትስቅበትም፣ አትቆጣውም፣ አታሞግሰውምም። ስህተቱ የ12 ሴንቲ ሜትር ስህተት ነው፤ ተለክቶ የሚታረም እንጂ የልጁ ስንፍና ማስረጃ አይደለም። ልጆቻችን ከስህተታቸው ጋር እንዲህ በሰላም የሚገናኙበት ሌላ ክፍለ ጊዜ በትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ስፈልግ አላገኘሁም።

ይህን ቀድሞ ያየው በፕሪቶሪያ የተወለደ አፍሪካዊ ነው። ሲሞር ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1928 በደቡብ አፍሪካ ተወለደ፤ ሒሳብ አጠና፤ በጄኔቭ ከሥነ ልቦና ሊቁ ከዣን ፒያዤ ጋር ሠራ፤ ከዚያም አሜሪካ ገብቶ ኤም.አይ.ቲ. አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር ሆኖ ሎጎ የተባለውን ለልጆች የተዘጋጀ የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠረ። ቋንቋው ወለል ላይ እየሄደች መስመር የምትስል ኤሊ የምትባል ሮቦት ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው "ማይንድስቶርምስ" በተባለው መጽሐፉ ገና በሕፃንነቱ የመኪና ማርሽ ጥርሶች ፍቅር እንደያዘው፣ ማባዛትንም ሆነ እኩልታን በኋላ የተረዳው ጥርሶቹን በአእምሮው እያሽከረከረ እንደሆነ ይተርካል። ፓፐርት የሚለው፣ ልጅ ማሽንን ሲያዝዝ የገዛ ሐሳቡን ፊት ለፊት ያየዋል ነው፤ ትእዛዙ ሳይሠራ ሲቀርም "አላውቅም" ብሎ አይተወውም፣ የቱ ጋ እንደተበላሸ ፈልጎ ይጠግነዋል።

የመጫወቻ ኩባንያው ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1998 ላወጣው የሮቦት መገጣጠሚያ የሰጠው የዚህን መጽሐፍ ስም ነው። ማይንድስቶርምስ በዓለም ዙሪያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ገባ፣ ውድድር ተካሄደበት፣ መማሪያ መጽሐፍ ተጻፈበት። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ግን ኩባንያው ምርቱን አቆመ። ሥርዓተ ትምህርት የምትቀርጹ ሁሉ ይህን እንድታስቡበት አደራ እላለሁ። ትምህርት በአንድ ድርጅት ሳጥን ላይ ከተመሠረተ፣ ድርጅቱ ሐሳቡን ሲቀይር ትምህርቱም አብሮ ይቀራል። አርዱይኖን ጠረጴዛ ላይ ያመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን ኢቭሬያ ከተማ ሲሠራ ንድፉ ለማንም ክፍት ሆኖ ነበርና ዛሬ ብዙ ፋብሪካ ይሠራዋል፤ ነገ አንዱ ቢዘጋ ሌላው አለ።

አሁን ወደ ሁለቱ "ዓይኖች" እንምጣ። አንደኛው ጆሯችን የማይሰማው፣ በሰከንድ 40,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይልካል፤ ሌላው የገደል ማሚቶውን ይቀበላል። ድምፁ ደርሶ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ በድምፅ ፍጥነት አባዝተን ለሁለት ስናካፍል ከፊታችን ያለው ነገር ርቀት ይወጣል። የድምፅ ፍጥነት ስንት ነው? ከኢንተርኔት የምናገኘው አብዛኛው ፕሮግራም በሰከንድ 343 ሜትር ይላል። ይህ ቁጥር አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሆነበት ክፍል ልክ ነው። ደብረ ብርሃን ማለዳ 10 ዲግሪ ሲሆን ግን ድምፅ በሰከንድ 337 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሰመራ ከቀትር በኋላ 40 ዲግሪ ሲሆን 355 ይደርሳል። ስለዚህ በትክክል ሁለት ሜትር ርቆ የቆመን ግድግዳ ይህችው መኪና ደብረ ብርሃን ላይ 2.03 ሜትር ትለዋለች፤ ሰመራ ላይ 1.93። የአሥር ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነው።

እስቲ ይህን እንደ ትምህርት አስቡት። የደብረ ብርሃን ተማሪዎችና የሰመራ ተማሪዎች አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ይዘው የለኩትን በስልክ ቢለዋወጡ፣ ውጤታቸው የማይገጥምበትን ምክንያት ራሳቸው ፈልገው ማግኘት ይችላሉ። አንዱ "የእናንተ ሜትር ትክክል አይደለም" ይላል፤ ሌላው ሴንሰሩን ይጠረጥራል፤ በመጨረሻ አንዲት ልጅ ቴርሞሜትር ታመጣለች። ከዚያ ወዲያ የድምፅ ፍጥነት በሙቀት እንደሚለወጥ ለእነዚህ ልጆች በቃል ማስጠናት አያስፈልግም። ፕሮግራማቸው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ይጨምሩና ሁለቱም ከተሞች ሁለት ሜትር ማለት ይጀምራሉ። ይህን ሙከራ ለመሥራት ላቦራቶሪ የሚባል ሕንፃ አያስፈልግም፤ ግድግዳና ሜትር ይበቃል።

ይህን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ ደግሞ የምፈራውን ልንገራችሁ።

በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሲገባ ብዙዎቻችሁ ወይ መምህር ወይ ተማሪ ነበራችሁ። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ከከተማ ርቆ ያለ ተማሪ ከተማ ያለው የሚያገኘውን ትምህርት እኩል እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ነገር ግን ከሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ይናገር ነበር፤ ቆም አይልም፣ ጥያቄም አይቀበልም ነበር። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋ ነበር። ፊዚክስ አስተማሪው በገዛ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆኖ ጥግ ይቆም ነበር። የጎዳን የስክሪኑ ጥራት ማነስ አይደለም፤ መምህሩን ማለፋችን ነው። ሮቦቲክስም መምህሩን አልፎ ከገባ፣ ካርቶን ሙሉ ዕቃ ከመጋዘን ወጥቶ ለርእሰ መምህሩ በፊርማ ቢሰጥ፣ ዕቃው ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ቆጠራ ሲመጣ ብቻ ይወጣል። "እንዳይበላሽ" እየተባለ ያረጃል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የፓፐርትን ሐሳብ ተከትሎ የተነሣው "ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ" የተሰኘው ዓለም አቀፍ ዘመቻ ለእኛም በሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች አድርሶ ነበር። ከሁሉ አገር ይበልጥ የተቀበለችው ፔሩ በመቶ ሺዎች አከፋፈለች። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው ሰፊ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ፓፐርት ራሱ ማሽኑ ብቻውን ያስተምራል ብሎ አያውቅም ነበር ብዬ እከራከራለሁ፤ ልጁ የሚሠራው ነገርና አብሮት የሚያስብ ሰው ያስፈልገዋል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሮጌቲገር የተባለውን መርሐ ግብር ስትጀምር መምህራንን አሠልጥና፣ መሣሪያውንም ፈልጎ ላመለከተ ትምህርት ቤት ሰጠች። እኛም ከዚያ ብንጀምር ይሻላል፤ ከሚፈልጉት፣ ከጥቂቶቹ፣ ከመምህሩ።

አንድ ወላጅ ተነሥቶ "በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ሆነው ሳለ ሮቦት የምን ቅንጦት ነው?" ቢለኝ ጥያቄው ያስጨንቀኛል፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሮቦቲክስ የፈተና ውጤትን ያሻሽላል ብዬ ቃል አልገባላችሁም። ይህን ብል የፕላዝማውን ስህተት እደግማለሁ። እነዚያ ቁጥሮች የሚነግሩኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ከተማሩት ልጆች አብዛኞቹ የያዙትን እውቀት ከዚያ በፊት ባላዩት ጥያቄ ላይ ማዋል አልቻሉም። ቀመሩን ያውቁታል፤ መቼ እንደሚያወጡት አያውቁም። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት በብዙ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሳይነካ በጥቁር ሰሌዳ ይሰጣል፤ ልጁ የማውዝን ትርጉም ጽፎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ይህን አካሄድ ይዘን ያለ ሮቦቲክስ ብንቀጥልም እዚያው ነን። ሮቦቲክስን በዚሁ አካሄድ ካስገባነው ደግሞ "የሴንሰር ዓይነቶችን ዘርዝር" የሚል ጥያቄ ይሆንና ይሞታል።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ሮቦቲክስ አዲስ የትምህርት ዓይነት መሆን የለበትም። የራሱ መጽሐፍ፣ የራሱ ብሔራዊ ፈተና አያስፈልገውም። ፊዚክስና ሒሳብ በሳምንት አንድ ቀን ከሰሌዳ ወርደው ወለል ላይ የሚፈተኑበት ወርክሾፕ ይሁን።

ወርክሾፕ ለትምህርት ቤቶቻችን እንግዳ አይደለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተስፋፉት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች "አጠቃላይ" የተባሉት ከቀለሙ ጋር እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ኤሌክትሪክ፣ የቤት አያያዝና የጽሕፈት ትምህርት አጣምረው እንዲሰጡ ታስበው ነው። ዛሬ ስሙ በር ላይ አለ፤ ወርክሾፑ ግን በብዙ ቦታ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኗል። ያን ክፍል ከፍተን፣ ጠርገን፣ ጠረጴዛ ብናስገባበት ከግማሽ በላይ ሠርተናል።

ዕቃውስ? ሰሌዳዋ ከውጭ ትመጣለች፤ እሱን መሸሽ አንችልም። የቀረው ግን አገር ውስጥ አለ። ከተበላሸ ፕሪንተር ሞተርና ጥርስ ይወጣል፤ ከአሮጌ ቴፕ ትንንሽ ሞተር፣ ከሞተ የላፕቶፕ ባትሪ ገና ነፍስ ያለው ሴል። የመርካቶዋ ምናለሽ ተራ ለዚህ ዓይነት ትምህርት ከማንኛውም አቅራቢ ትበልጣለች። በየከተማው ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግኑት ልጆችስ? ካቻቢቴና ፒንሳ ከእጃቸው አይለይም፣ ስታኞ እንዴት እንደሚቀልጥ ያውቃሉ፣ ሴሉ ሲያብጥና ሲሞቅ አደገኛ እንደሆነም ከሁላችን በላይ ያውቃሉ። ዲፕሎማ ስለሌላቸው ከትምህርት ቤት በር አናስገባቸውም። እኔ በሳምንት አንድ ቀን ከፊዚክስ መምህሩ ጎን ቆመው፣ የሚገባቸው ተከፍሏቸው፣ ማስተማር አለባቸው እላለሁ። መምህሩ ቀመሩን፣ ጠጋኙ እጁን ያመጣል፤ ሁለቱም ከሌላው ይማራሉ።

ኮምፒውተር የሌለው ትምህርት ቤትም ተስፋ አይቁረጥ። ሁለት የብርሃን ሴንሰር፣ ሁለት ትራንዚስተርና ሁለት ሞተር ያለ አንዳች ፕሮግራም የእጅ ባትሪ ብርሃን እየተከተለች የምትሄድ መኪና ይሠራሉ። የግራው ሴንሰር ከቀኙ ሞተር፣ የቀኙ ከግራው ሞተር ጋር ሲገናኙ ወደ ብርሃኑ ትዞራለች፤ ግራው ከግራ፣ ቀኙ ከቀኝ ሲሆኑ ከብርሃኑ ትሸሻለች። የሽቦ አቀያየር ብቻ ነው። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ የሚያነሡትን ጥያቄ ብዛት ማየት በራሱ ደስታ ነው።

ስለ ሴት ተማሪዎች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አምስት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ካቻቢቴውን ወንዱ ያነሣል፤ ልጅቷ "ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺ መዝግቢ" ትባላለች። ማንም በክፋት አያደርገውም፤ ውጤቱ ግን ዓመቱ ሲያልቅ አንድም ሽቦ ያልነካች ልጅ ነው። መምህሩ በየሳምንቱ ተራ ማዞር አለበት፦ ገጣጣሚ፣ ፕሮግራም ጸሐፊ፣ ለኪ፣ መዝጋቢ። በዚህ ላይ ድርድር ሊኖር አይገባም።

ቋንቋውም እንዲሁ። የፕሮግራሙ ቃላት በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ጥቂት ስለሆኑ ይለመዳሉ። ክርክሩ ግን፣ "ለምን ታጠፈች?" የሚለው ክርክር፣ ልጆቹ በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁን፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በአፋርኛ። አንድ ልጅ ያልገባውን ነገር ባልገባው ቋንቋ እንዲያብራራ ማስገደድ ሁለት ጊዜ ዝም ማሰኘት ነው።

ሮቦት አገራችን ገና ያልደረሰ የሚመስለው ካለ ደግሞ የቡና ላኪዎችን መጋዘን ይጎብኝ። ረድፍ ይዘው የተቀመጡ ሴቶች ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ በእጅ ይለቅማሉ። በአንዳንዱ ማዘጋጃ ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬ በካሜራ እያየ መጥፎውን በአየር ግፊት የሚያስወጣ ማሽን ገብቷል። ተማሪዎቻችን የቀለም ሴንሰር ይዘው አሥር ፍሬ እንኳ መለየት ሲሞክሩ፣ የለቃሚዋ ዓይን ስንት ነገር በአንድ ጊዜ እንደሚያይ ይረዳሉ። ማሽኑ ሲገባ እሷ ወዴት እንደምትሄድ የሚጠይቅ ትውልድ የሚያስፈልገን ይመስለኛል፤ ጥያቄው ለኢኮኖሚ መምህሩም፣ ለሥነ ዜጋ መምህሩም ይድረስ። የማሽኑን አሠራር የማያውቅ ሰው ስለ ማሽኑ የሚወሰነውን ውሳኔ ለሌላ ይተዋል።

በመጨረሻ ነጥብ አሰጣጡን ላንሣ፤ መምህራን ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ እሱን ነውና። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ደብተር ይኑር። ምን ይሆናል ብለን ጠበቅን፣ ምን ሆነ፣ ስንት ለካን፣ ምን ቀየርን፤ በየሳምንቱ ይጻፍበት። ግማሹ ነጥብ ለዚህ ደብተር ይሰጥ። ሩቡ፣ መምህሩ ከቡድኑ አንዱን ድንገት አስነሥቶ የጓደኛውን ሥራ ሲያስረዳ ለሚሰጠው መልስ ይሁን። የሮቦቷ መሄድና አለመሄድ የቀረውን ሩብ ብቻ ይያዝ። እንዲህ ሲሆን ዕቃ ያለው ልጅ ዕቃ የሌለውን አይበልጠውም፤ ከሱቅ ገዝቶ የመጣም ከደብተሩ ይታወቃል።

ርእሳነ መምህራን፣ ከእናንተ የምጠይቀው በጀት አይደለም። የመስከረም የክፍለ ጊዜ ድልድል ሳይጸድቅ ለአንድ የዘጠነኛ ክፍል ምድብ በሳምንት ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ለዩልኝ፤ በ40 ደቂቃ ውስጥ መኪና ተገጣጥማ፣ ተሞክራ፣ ተፈትታ ወደ ቦታዋ አትመለስምና። ለዚያ ምድብ የሚያስተምሩት የፊዚክስና የሒሳብ መምህራን ክረምቱን እንዲለማመዱ መኪናዋን፣ ንድፏንና የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት ሥራ በጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። መውሰድ የምትፈልጉ እዚህ ፊት ለፊት ኑ፤ የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።